የሱሉልታው ኮምፒውተር ቀን

ጥር 3 ቀን 2013፣ ቡራዩ

ይህን ደብተር የገዛሁት የመሥሪያ ቤቱን ፓስወርዶች ልጽፍበት ነበር። ሁለት ገጽ ከጻፍኩ በኋላ ተውኩት። ከዛሬ ጀምሮ ንዴቴን እጽፍበታለሁ፤ አለዚያ እማ ላይ ልወጣው ነው። ትናንት "ጨው በዝቷል" ብዬ ጮህኩባት። ጨው አልበዛም ነበር።

አቶ ተክሉ ዛሬ ሰበታ ቢሮው ጠራኝ። እዚህ ደብተር ላይ "አንቱ" አልለውም፤ ፊት ለፊት የምለው ይበቃዋል። የአይቲ ኃላፊው እሱ ነው፣ ሥራውን የምሠራው እኔ ነኝ። የሰበታው የብስኩት ፋብሪካ፣ እዚህ ቡራዩ ያለው መጋዘን፣ ሱሉልታ ያለው የውሃ ማሸጊያ፣ የሦስቱም ኮምፒውተሮች እኔ ጫንቃ ላይ ናቸው። በየስድስት ወሩ በሚታደስ ኮንትራት።

"መኪያ" አለኝ ወንበሩን እያሽከረከረ፣ "የንጽሕናና የደህንነት ስልጠናውን ሠራተኛው በሙሉ እስከ የካቲት መጨረሻ ኦንላይን ይጨርስ ተብሏል። የውጭ ሸሪኮቹ ናቸው ያሉት። በኮሮና ምክንያት አዳራሽ መሰብሰብ የለም። ሦስቱም ቦታ ካለቀ አንቺም ቋሚ ትሆኛለሽ። ካላለቀ ግን..." እጁን ዘረጋ። ካላለቀ ኮንትራቴ መጋቢት ላይ ያልቃል፣ እሱም አያድስልኝም። ይህን ለማለት አፍ አላስፈለገውም።

ቋሚ! ሦስት ዓመት ሙሉ እዚህች ቃል ላይ ዓይኔን ተክዬ ኖርኩ። ኮልፌ የነበረው የቀበሌ ቤታችን ከፈረሰ ወዲህ እኔና እማ ሰው ግቢ ተከራይተን ነው ያለነው። አከራያችን ባየችኝ ቁጥር "አሁንም ኮንትራት ነሽ?" ትለኛለች፣ ልክ "አሁንም አልተሻለሽም?" እንደሚባለው።

ኢንሻአላህ በጥርሴም ነክሼ ቢሆን አስጨርሳቸዋለሁ።

ጥር 5

ያ ረቢ! ሁሉም ቆመ።

ከጠዋት ጀምሮ ስልክ በስልክ ነኝ። ሰበታ፦ "መኪያ፣ ስልጠናው ግራጫ ሳጥን ሆነ።" ቡራዩ፦ "ይህ ፕለጊን አይደገፍም ይላል፣ ፕለጊን ምንድነው ደግሞ?" እንደገና ሰበታ፦ "ኧረ ነይ፣ ሴቶቹ ከማሽን ተነሥተው ቆመዋል።"

ምሳ የለም። ማታ እጽፋለሁ።

ጥር 5፣ ማታ

ነገሩ ይሄ ነው። ስልጠናው አሮጌ ነው፣ ሸሪኮቹ ከዓመታት በፊት የገዙት። ብሮውዘሩ ብቻውን ሊያሳየው አይችልም፤ ፕለጊን የምትባል ተቀጥላ ፕሮግራም ታስፈልገዋለች። የፕለጊኗ ሠሪዎች ደግሞ ከዚህ ወር ጀምሮ በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ እንዳትሠራ ቀን ቆርጠውላት ነበር። ቀኑ ደረሰ፣ ሞተች። በቃ።

ይህንኑ ለላሊሴ ነገርኳት። ላሊሴ የሰበታ የማሸጊያ ክፍል ተቆጣጣሪ ናት፤ ምላሷ አይጣል ነው። "ታዲያ የምትሞትበት ቀን አስቀድሞ ከታወቀ ማን ነው ዝም ያለው?" አለችኝ።

ማን ዝም አለ! እኔ ኅዳር ላይ ለተክሉ ጽፌለታለሁ። "የስልጠናውን ሻጭ አዲስ ቅጂ እንጠይቀው፣ ይሄኛው ጥር ላይ ይቆማል" ብዬ። ዛሬ ሳስታውሰው "ኢሜይል ሁሉ ይነበባል እንዴ?" ብሎ ሳቀ። "እሺ አሁንስ እንጻፍላቸው?" ስለው ሳቁን አቆመ። "በዋናው መሥሪያ ቤት በኩል ነው የሚጻፈው። እስከዛሬ የት ነበራችሁ ይሉኛል። አንቺ በዘዴ ጨርሺው።"

በዘዴ። ስወጣ ከሒሳብ ክፍል አንዷ "ዲግሪዋን ግን ከየት ነው ያመጣችው?" ስትል ሰማኋት። ያልሰማሁ መስዬ አለፍኩ። ቤት ስደርስ ነው ያለቀስኩት፣ ያውም ውሃ የምቀዳ መስዬ ውጭ ቧንቧው ጋ።

ጥር 8

ሌላ ብሮውዘር ጫንኩ። እምቢ።

የብሮውዘሩን አሮጌ ቅጂ አገኘሁ፣ ጫንኩ። እምቢ።

ፕለጊኗን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። ተጫነች፣ ተከፈተች፣ እንደገና ግራጫ ሳጥን።

ተክሉ በበሩ ብቅ ብሎ "እህ?" አለ። "እየሞከርኩ ነው" አልኩት። "እየሞከርሽ" አለና ሄደ።

ጥር 11፣ ጥምቀት

ሥራ የለም። ሰፈሩ ሁሉ ነጭ ለብሶ ወጥቷል፣ ከበሮው እዚህ ድረስ ይሰማል። እማ "ሰው በዓሉ ነው፣ አንቺ ምን ያስተክዝሻል?" አለችኝ። ምን ልበላት? ትናንት ለአከራያችን "ልጄ በቅርቡ ቋሚ ልትሆን ነው" ስትላት ሰምቻታለሁ። ያላለቀ ነገር ለምን ትናገራለች? ተናደድኩባት። ከዚያ ደግሞ የነገርኳት እኔ መሆኔ ትዝ አለኝ።

ጥር 13

ኦቦ ኢቲቻ ደወሉ። የሱሉልታው ማሸጊያ የስቶር ኃላፊ ናቸው፣ ሽማግሌ። ከሰላምታ በፊት ጉዳይ አይነሣም እሳቸው ጋ። "አካም ጂርታ ኢንታላ ኮ? እንዴት ነሽ ልጄ? እናትሽስ? ብርዱ እንዴት ነው ቡራዩ?" እኔ ልቤ ተሰቅሎ እሳቸው ስለ ብርድ። በመጨረሻ፦

"ሴቶቹ ስልጠናውን እየጨረሱ ነው። ሰርተፍኬቱን የት ላስቀምጠው?"

"የቱን ስልጠና፣ ኦቦ?"

"ያንቺን ነዋ!"

እሳቸው ጋ ይሠራል! እዚያ አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነው ያለው፣ እሱም አሮጌ ነው፣ እሱም የእሳቸው ነው። ነገ በጠዋት ሱሉልታ ነኝ።

ጥር 14

ከአዲሱ ገበያ ሚኒባስ ይዤ እንጦጦን ስንወጣ ጭጋጉ አልተነሣም ነበር። ሯጮቹ በመንገዱ ዳር በተርታ ይወርዳሉ። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ "አይዟችሁ፣ ወርቅ ነው!" ይላቸዋል። ከታኅሣሥ ወዲህ የሳቅኩት ያኔ ነው።

ስደርስ ዱርሲቱ የምትባል የማሸጊያ ሠራተኛ የፀጉር መረቧን እንዳደረገች ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ የመጨረሻውን ትምህርት ትከታተላለች። ሥዕሉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ ይሰማል። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ብሮውዘሩን አየሁ፣ እንደ ሰበታው ነው። ፕለጊኗን አየሁ፣ ያችው ናት። ኬብል ሳይቀር አየሁ። ምንም ልዩነት የለም። ኦቦ ኢቲቻ ከኋላዬ ቆመው ሻይ ይጠጣሉ።

ከዚያ የስክሪኑን ጥግ አየሁት። 14/05/2013 ይላል።

"ኦቦ፣ ይሄ ቀን..."

"ምን ሆነ? ዛሬ ጥር አሥራ አራት አይደለም እንዴ?"

"ነው።"

"ታዲያስ። ኮምፒውተሩን ሲያመጡልኝ ቀኑ ተሳስቶ ነበር። ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ፊት ሄዶ። እኔ አስተካከልኩት። የዕቃ ማስገቢያና ማውጫዬ ሁሉ በኛ ቀን ነው፣ ሁለት ዓይነት ቀን ይዤ አልሠራም።"

"ጳጉሜ ሲመጣስ ምን ያደርጓታል?"

"ጳጉሜን አያውቃትም። ያኔ አልከፍተውም።"

እንዲህ ስቄ አላውቅም፣ ወላሂ። እሳቸውም ሳቁ፣ ምን እንዳሳቀኝ ሳያውቁ። ለካ የፈረንጅ ኮምፒውተር ላይ የኛን ቀን ሲያስገቡበት ራሱ በፈረንጅ 2013 ላይ ያለ መስሎታል! የዚያች ፕለጊን ሞት እዚያ ክፍል ውስጥ ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል፤ ስለዚህ ትሠራለች።

ከስቶሩ ወጥተን ግቢውን አሳዩኝ። ማሸጊያው የቆመበት መሬት የአባታቸው የግጦሽ መሬት ነበር። ከብቶቹ ውሃ ይጠጡበት የነበረው አሁን ፓምፑ ያለበት ቦታ ነው። መሬቱ ሲወሰድ ከካሳው ጋር ይሄ ሥራ ተሰጣቸው። "ሰኔ ላይ ጡረታዬ ነው" አሉኝ። "አባቴ ከብት ካሰማራበት ሜዳ ላይ በጭብጨባ ልሸኝ ነው። አንቺም ትመጫለሽ።" "እንዴት እቀራለሁ!" አልኳቸው።

ስሄድ በሩ ላይ ያዝኳቸው። "ኦቦ፣ አደራዎን፣ ያን ቀን እንዳይነኩት። ማንም ይቀየር ቢልዎት እንዳይነኩት።"

"ማን ይነካዋል? ትክክል እኮ ነው" አሉኝ።

ጥር 17

ለተክሉ "ዘዴ አገኘሁ" ስለው እጁን አነሣ። "እንዴት እንደሆነ አትንገሪኝ። ይሠራል?" "ይሠራል።" "በቃ።"

ሰበታ ያሉትን ኮምፒውተሮች በሙሉ ቀናቸውን ወደ ኛ ቀን መለስኩ። ከሰዓት በኋላ ቡራዩም እንደዚያው። ሁሉም ሠሩ! ላሊሴ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ስታይ ቆይታ "ወደ ሀገራችን መለስሽው?" አለች። "መለስኩት።" "እሰይ፣ ገና አሁን ልብ ገዛ።"

ያችው የሒሳብ ክፍል ሴትም መጥታ "ጎበዝ" አለችኝ። ዲግሪዬ ከየት እንደመጣ ሳትጠይቀኝ።

የካቲት 5

ሰርተፍኬቱ እየጎረፈ ነው። እያንዳንዱ ግርጌ ላይ ቀን አለ። ቀኑን ስልጠናው ራሱ ነው የሚያትመው፣ ከኮምፒውተሩ ወስዶ። የዛሬዎቹ 05/06/2013 ይላሉ።

እዚህ የሚያየው ሰው ሁሉ የካቲት አምስት ብሎ ያነበዋል። ተክሉም አይቶታል፣ ምንም አላለም። ፈረንጅ ካየው ግን ጁን 5 ቀን፣ ከስምንት ዓመት በፊት ነው። ያኔ የፋብሪካው መሠረት እንኳ አልተጣለም ነበር።

ግን ማን ያየዋል? ፋይል ውስጥ ነው የሚገባው። ቢሆንም ለተክሉ ነገ እነግረዋለሁ።

የካቲት 6

ስብሰባ ላይ ነበር።

የካቲት 9

ዛሬ ደግሞ ደስ ብሎት ነበር፣ ደስታውን ለምን ላበላሽበት?

የካቲት 24

አለቀ! ሦስቱም ቦታ፣ ሠራተኛው በሙሉ። አልሐምዱሊላህ።

ተክሉ ለዋናው መሥሪያ ቤት ሲደውል በሩ ክፍት ነበር። "ቀኑ ሳይደርስ ጨርሰናል" ይላል። "እኔ ራሴ ቆሜ" ይላል። እኔ ራሴ ቆሜ! የቆመበትን ቦታ ቢያሳየኝ። ስልኩን ሲዘጋ አየኝና "ቋሚሽ እየተሠራ ነው" አለኝ። ንዴቴ እዚያው ጠፋ። እንዲህ ቀላል ሰው ነኝ ለካ።

እማ ሰምታ ሱጁድ ወረደች።

መጋቢት 7

ከሸሪኮቹ ተቆጣጣሪ ኢሜይል መጣ። ተክሉ ጠርቶኝ በሩን ዘጋ።

ሰርተፍኬቶቹ ሐሰተኛ ናቸው ይላል። ድርጅቱ ሳይቋቋም የተሰጡ ናቸው ይላል። ያጭበረበረው ሰው ተለይቶ እርምጃ ይወሰድ፣ አለዚያ የኤክስፖርት ውሉን እናየዋለን ይላል።

ተክሉ ጠረጴዛውን እያየ "ምንድነው ይሄ?" አለ። "ቀኑ... በኛ አቆጣጠር..." ብዬ ጀመርኩ። "እንዴት እንደሆነ አትንገሪኝ ብዬሻለሁ" አለ። "ከየት እንደጀመረ ብቻ ንገሪኝ።"

"ሱሉልታ" አልኩ።

እውነት ነው። የጀመረው ሱሉልታ ነው።

መጋቢት 8

ሰበታ። መደበኛ ጥገና አደረግሁ። የኮምፒውተሮቹን አቧራ አራገፍኩ፣ ሰዓትና ቀናቸውን አስተካከልኩ። ላሊሴ እጇን አጣጥፋ አየችኝ። ምንም አላለችም፣ እሷ እንኳን።

መጋቢት 9

ቡራዩ። መደበኛ ጥገና። ሱሉልታ አልደረስኩም። ለአንድ ቀን ሥራ መንገዱ ሩቅ ነው።

መጋቢት 12

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሞ ሦስቱንም ቦታ ዞሮ አየ። ተክሉ አለበት፣ ከሰው ኃይል አንድ ሴትዮ፣ ሰብሳቢው ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ ሰው ነው። እኔ እንደ ባለሙያ ተከተልኳቸው።

ሱሉልታ ስንደርስ ኦቦ ኢቲቻ ወንበር ደርድረው፣ ለያንዳንዳችን የታሸገ ውሃ አስቀምጠው ጠበቁን። እንግዳ የመጣ መስሏቸው ነበር። ሰብሳቢው ኮምፒውተሩን አስከፈተና ጥጉን በጣቱ ነካ፦ 12/07/2013።

"ይሄ ነው" አለ።

"አዎ፣ መጋቢት አሥራ ሁለት" አሉ ኦቦ።

ማንም አልሳቀም። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። "ይሄን ቀን ሰው በእጁ ነው የሚቀይረው?" "አዎ።" "የሌሎቹ ቦታዎች ኮምፒውተርስ?" "ትክክል ናቸው፣ አይታችኋቸዋል" አልኩ። አይታችኋቸዋል ነው ያልኩት፤ ከድሮም ትክክል ነበሩ አላልኩም። "ታዲያ የሰበታና የቡራዩ ሰርተፍኬት ላይ ይሄ ቀን እንዴት ወጣ?" ሲል ተክሉ ቶሎ ገባ፣ "ፋይሉ ሁሉ የተሰበሰበው እዚህ ኮምፒውተር ላይ ነው መሰለኝ፣ አይደል መኪያ?" ዓይኑ ግንባሬ ላይ ነበር።

"ሊሆን ይችላል" አልኩ።

ይችላል እኮ ነው ያልኩት። የማይቻል ነገር የለም።

ውሃውን አልጠጣሁትም። ጠርሙሱን እንደታሸገ ጠረጴዛው ላይ ትቼው ወጣሁ።

መጋቢት 15

ዛሬ ሰበታ ጠርተው ጠየቋቸው። ቃለ ጉባኤ እንድይዝ እኔን አስቀመጡኝ። ኦቦ ኢቲቻ ሱፍ ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

ሰብሳቢው በአክብሮት ነበር የሚጠይቀው። ተክሉ ግን ሽማግሌውን "አንተ" አለ፣ አባቱ የሚሆኑትን ሰው። "አንተ ራስህ ነህ የቀየርከው?"

"እኔ ነኝ ያስተካከልኩት።"

"ሠራተኛው ሐሰተኛ ሰርተፍኬት እንዲወጣለት አስበህ?"

"ቀኑ ሐሰተኛ አይደለም። ልጅህን ጠይቀው ዛሬ ስንት ነው ብለህ።"

ሰብሳቢው ተክሉን በእጁ ገታውና "ኦቦ ኢቲቻ፣ ስልጠናው ከተጀመረ በኋላ ቀኑ እንዲህ ይቆይ ያለዎት ሰው አለ?" ብሎ ጠየቀ።

እስክሪብቶዬ ቆመ። ኦቦ ወደ እኔ ዞሩ። ረጅም ጊዜ አዩኝ፣ ሳይቆጡ። የኮሪደሩ የጽዳት ሠራተኛ ባልዲ ሲንኳኳ ይሰማ ነበር። አሁን ይሉታል፣ አሁን ስሜን ይጠሩታል፣ እማ፣ ቋሚው፣ ሁሉም በአንድ ቃል ይሄዳል እያልኩ ጠበቅኩ።

ወደ ሰብሳቢው ተመለሱ። "እኔ ያወቅኩትን ነገርኳችሁ። የቀረውን የሚያውቅ ይናገር" አሉ።

ሰብሳቢው ክፍሉን ዞሮ አየ። እኔ ወረቀቴን አየሁ።

"ምንም አልተባለም ብለሽ ጻፊ" አለኝ ተክሉ። ጻፍኩ።

መጋቢት 15፣ ማታ

አዳኑኝ። ሌላ ትርጉም የለውም። ሽማግሌ ናቸው፣ ሊወጡ የተቃረቡ ናቸው፣ እኔ ደግሞ ወጣት ነኝ፣ እናት አለችኝ፤ ይህን አስበው ነው። ምን ዓይነት ደግ ሰው!

ደግሞስ ቢናገሩ ምን ይጠቀሙ ነበር? ሁለታችንም ነበር የምንባረረው። ኮምፒውተሩን እኔ አልቀየርኩትም። የሱሉልታውን ማለቴ ነው።

መጋቢት 19

አሰናበቷቸው። በሰነድ ማጭበርበር። ጡረታቸው ላይ ችግር የለም ተብሏል፣ ግን ሽኝት የለም፣ የሥራ ምስክር ወረቀት የለም፣ ግቢው ውስጥ መግባትም የለም። የአባታቸው ሜዳ ላይ። ዱርሲቱ ደውላ እያለቀሰች ነገረችኝ። ጥበቃው ቁልፍ ሲቀበላቸው "ፓምፑ ጋ ሄጄ አንዴ እጄን ልታጠብ" አሉት አሉ። ፈቀደላቸው፣ እሱም እያለቀሰ።

"አንቺ ግን አታውቂም ነበር?" አለችኝ ዱርሲቱ። መስመሩ ይቆራረጣል አልኳት።

መጋቢት 22

ሰርተፍኬቶቹ ተሰርዘው ሁሉም እንደገና ይሠልጥን ተባለ። አሁን ተክሉ ራሱ ለስልጠናው ሻጭ ጻፈ። አንድ ኢሜይል። መልሱ ዛሬ መጣ፦ አዲሱ ቅጂ ከዓመት በፊት ተሠርቷል፣ ለነባር ደንበኛ በነፃ ነው፣ ፕለጊን አይፈልግም፣ ብትጠይቁን ኖሮ ያኔውኑ እንልክላችሁ ነበር።

ሁለቴ አነበብኩት። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ኅዳር ላይ እኔው ለሻጩ ብጽፍ ምን ነበረበት? አድራሻው እጄ ላይ ነበር። በአለቃዬ በኩል ካልሆነ ብዬ ነው፣ ሥርዓት ብዬ። ሥርዓት!

ሚያዝያ 1

ቋሚ ሆንኩ። ደብዳቤው ላይ "ባሳዩት ታማኝነትና ትጋት" ይላል።

እማ አነበበችው፣ ሳመችው፣ ለአከራያችን ልታሳይ ይዛው ወጣች። አከራያችን እልል አለች። እኔ ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ እልልታውን ሰማሁ።

ሰበታ ላይ ሁሉም "እንኳን ደስ አለሽ" አሉኝ። ላሊሴ ብቻ ቀረች። አጠገቧ ስደርስ የብስኩት ካርቶን እያሸገች፣ ቀና ሳትል፣ "መደበኛ ጥገናሽ ደህና ነው?" አለች። "ለምን ያኔ አንቺ አልተናገርሽም?" አልኳት፣ ድምፄ ከሚገባው በላይ ጮኾ። "የሠላሳ ሴት ተቆጣጣሪ ነኝ፣ ልጆች አሉኝ። ፈራሁ" አለች። "እኔ ግን ፈራሁ እላለሁ።"

ሚያዝያ 4

ነገ ረመዳን ይገባል። ሱሑር የሚሆን ነገር እየገዛሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ኦቦ ኢቲቻ።

ላላነሣው ነበር። አነሣሁት።

"አካም ጂርታ ኢንታላ ኮ? ጾማችሁ ነገ ይገባል አሉ። እኛም በሁዳዴ ላይ ነን። እናትሽን እንኳን አደረሳት በያት።" ድምፃቸው እንደ ድሮው ነው። እንኳን አብሮ አደረሰን አልኩ፣ ምኑንም ምኑንም አልኩ። ከዚያ ሳላስበው ወጣኝ፦

"ኦቦ፣ አላህ ይስጥልኝ። ያን ቀን ስለ እኔ ብለው ዝም ስላሉ።"

ከኋላቸው ላም ስትጮህ ሰማሁ።

"ስለ አንቺ ብዬ አይደለም" አሉ። "አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ነው የጠበቅኩት። እኔ ብናገር ኖሮ ሽማግሌው ልጅቷ ላይ ለጠፈባት ይሉ ነበር። አንቺ ብትናገሪ ግን ያምኑሽ ነበር። ተራሽን ነው የተውኩልሽ።"

የያዝኩትን ተምር ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት።

"ደህና ሁኚ በቃ። ነጋቲ" ብለው ዘጉት፣ እንደ ማንኛውም ቀን።

የገዛሁትን ተምር ሱቁ ውስጥ ረስቼው መጣሁ።

ሚያዝያ 8

የጾሙ አራተኛ ቀን። ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ሥራው በዝቷል።

ዱርሲቱ ከሱሉልታ ደወለች። የስቶሩን ሥራ ለእሷ ሰጥተዋታል፣ ካርቶን ከማሸግ አውጥተው። ደስ ብሏታል፣ ፈርታለችም።

"መኪያዬ፣ እባክሽ አንድ ነገር። ኮሚቴው ያስተካከለው ቀን ችግር ሆነብኝ። የማስገቢያና የማውጫው ወረቀት በኛ ቀን ነው፣ ኮምፒውተሩ በፈረንጅ ነው፣ ዕቃው ሊገናኝልኝ አልቻለም። ሾፌሮቹ እየጮኹብኝ ነው። እንደ ኦቦ ኢቲቻ ላድርገው እንዴ?"

ትክክለኛውን አውቃለሁ። የስቶሩ ፕሮግራም ራሱ በሁለቱም አቆጣጠር እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል፤ ማመልከቻ ጽፎ፣ ተክሉን አስፈርሞ፣ ሱሉልታ ወጥቶ አንድ ቀን መሥራት ነው። ተክሉ ደግሞ ዛሬ አንዴ ተቆጥቶኛል።

"ጥጉ ላይ ያለውን ሰዓት ተጫኚው" አልኳት። "ከዚያ ቀን ቀይር የሚለውን።"

"ተጫንኩት። እ... ሚያዝያ ስምንት፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት... ወጣልኝ! ተባረኪ!" ከዚያ ድምፅዋ ቀነሰ። "መኪያዬ፣ አንድ ቀን መጥተው ማን ነው እንዲህ አድርጊ ያለሽ ቢሉኝ፣ ማን ልበል?"

"መኪያ በያቸው" ልላት አፌን ከፈትኩ።

"ማንም አይጠይቅሽም" አልኳት።